«ልጄ እንደ ድሮው ይሆናል ወይ?»

ስማዳ ውስጥ ከብት ጠባቂ ልጅ ወደቀ፣ ተረገጠ ሲባል መስማት ብርቅ አይደለም። የአክስቴን ልጅ በ9 ዓመቱ በቅሎ ግንባሩን ረገጠችውና ራሱን ሳተ። ሐኪም ቤት ተወስዶ ሲነቃ አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ልጄ እንደ ድሮው ይሆናል ወይ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያስገኝ ይሆናል ተብሎ ከሚጠናው አንዱ የአንጎልን የደም ፍሰት በምስል ማየት ነው። እንደሚታወቀው የአዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኦክስጅኑ 20 በመቶ ገደማ ይጠቀማል። ጎተራ ግን የለውም፤ ደም ስንቁን በየጊዜው ካላደረሰለት ይጎዳል። ሲቲ ስካን የአጥንት ስብራትንና የፈሰሰ ደምን ያሳያል። ነገር ግን ሲቲው ምንም ሳያሳይ ልጁ ራሱን ሊያመው፣ ሊረሳም ይችላል። አንዱ የኤም አር አይ ዘዴ ወደ አንጎል በሚወጣው ደም ውስጥ ያለውን ውኃ በማግኔት ምልክት ያደርግበትና የት፣ ምን ያህል እንደደረሰ ይለካል። መርፌም ጨረርም ስለሌለው ለልጆች ይመቻል።

ታዲያ ይተነብያል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ በስፖርት ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከ11 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 12 ልጆች ተመርምረው የደም ፍሰታቸው ቀንሶ ተገኘ። ከወር በኋላም ወደ ጤነኛው ልክ መሻሻል ያሳየው 64 በመቶው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የካናዳ ጥናት ደግሞ ሌላ አለ፤ ከወር በላይ ቆይቶም ሕመሙ ያልለቀቃቸው ልጆች ፍሰት ከጤነኞቹ በልጦ፣ የዳኑት ግን አንሶ ታየ። እንግዲህ ምስሉ ጉዳት መኖሩን ይመሰክር ይሆናል እንጂ ለአንድ ልጅ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላለ ባለሙያ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1974 ቲዝዴልና ጄኔት ያወጡት የግላስጎው መለኪያ ነው። ዓይን መግለጥ፣ መናገርና መንቀሳቀስ ታይተው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል፤ ጥቅሙም በየሰዓቱ ደጋግሞ ሲጻፍ ነው። ነጥቡ ከወረደ አደጋ አለ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ቁስሉ ሻረ። ትምህርት ቤት ሲመለስ ግን መርሳት ጀመረ። «ሰነፈ» ተባለ፤ ተገረፈም። እውነቱን ለመናገር እኔም «ሰነፍ» ካሉት አንዱ ነበርኩ። የእነዚያ ጥናቶች ትልቁ ትምህርት ለእኔ ይሄ ነው፦ ግንባሩ የዳነ ልጅ አንጎሉ ገና እየታገለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደንብ ይተኛ፣ ወደ ትምህርቱ ቀስ እያለ ይመለስ፣ ዳግመኛ ከመመታት ይጠበቅ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ለአክስቴ ጥያቄ ማሽኑ ገና ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ዱላው ግን መልስ እንዳልሆነ ለማወቅ ማሽን አያስፈልገንም።