ትምህርት 14፦ አመዛዝኖ መምረጥ፣ አመዛዝኖም መጻፍ

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር እንዳለ የሚገልጽ ድርሰት መጻፍን ተምረናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ነገሮችን አወዳድረን፣ የትኛው ስለ ምን እንደሚሻል በምክንያት አስደግፈን የምንጽፈውን ድርሰት እንመለከታለን። ይህም የማመዛዘን ድርሰት ይባላል። ጸሐፊው «ይህ ይሻላል» ብሎ ብቻ ቢያቆም አንባቢው ሊያምነው አይገደድም፤ «ለማን ይሻላል? በምን ይሻላል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ
ሰባት ሰዎች፣ አንድ ራውተር

በሚዛን አማን ከተማ የሚኖር፣ ሰባት ሰዎች ያሉበት አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት ቡና ነጋዴ ሲሆኑ የገበያውን ዋጋ በየዕለቱ በስልክ ይከታተላሉ። እናት መምህርት ናቸው። ታላቂቱ ልጅ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ወንድሟ ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ሁለቱ ታናናሾች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቪዲዮ ማየት ይወዳሉ። ከማጂ የመጣው የአክስታቸው ልጅም ለትምህርት ሲል ከእነርሱ ጋር ይኖራል።

በቤቱ በመስመር የገባ ኢንተርኔት አለ፤ ከመስመሩ ጋር የተያያዘው ራውተር ግን ያረጀ ነው። አንድ ቀን ማታ ታላቂቱ ልጅ ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ከአማካሪዋ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ቀጠሮ ነበራት። ንግግሩ እንደ ተጀመረ ድምፁ ይቆራረጥ፣ ምስሉም ይደነቃቀፍ ጀመር። በመጨረሻም ፈጽሞ ጠፋ፤ ቀጠሮውም ከሸፈ። ልጂቱ አለቀሰች።

አባት ተቈጥተው «ነገ ስድስት አንቴና ያለውን ትልቁን ራውተር ገዝቼ እመጣለሁ» አሉ። እናት ግን «ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ሕመሙን እንወቅ፤ ሐኪምስ ቢሆን ሳይመረምር መድኃኒት ያዛልን?» ሲሉ መለሱ።

በማግሥቱ የአክስት ልጅ ምርመራውን ጀመረ። ሌሎቹ ሁሉ ኢንተርኔቱን እንዲተዉለት ለምኖ፣ በመጀመሪያ ከራውተሩ አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን ለካ፤ በሰኮንድ 10 ሜጋ ቢት ሆነ። ይህም የተከፈለበት ልክ ነው። ቀጥሎ ልጂቱ በምታጠናበት በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ለካ፤ 2 ብቻ ሆነ። እንግዲህ መስመሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ እስከ ክፍሉ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ወለል ላይ፣ በብረት ሣጥን ተከልሎ ተቀምጦ ነበር። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል፤ የብሎኬትና የእርጥብ ጭቃ ግድግዳም ያዳክመዋል። ራውተሩ በቤቱ መካከል ባለ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ጊዜ በዚያው ክፍል ፍጥነቱ 6 ደረሰ። ለዚህም አንድ ሳንቲም አልወጣም።

«ታዲያ አዲስ አያስፈልገንም ማለት ነው?» አሉ አባት።

«ያስፈልገናል፣ አባባ፤ ነገር ግን ምን እንደምንፈልግ ዐውቀን እንጂ አንቴና ቈጥረን አንግዛ» አለች ልጂቱ፤ ከዚያም እንዲህ ስትል አስረዳች።

«ራውተር ኢንተርኔትን አያመነጭም፤ የመጣውን ያከፋፍላል እንጂ። የቧንቧው ውኃ ቀጭን ከሆነ የእንስራው ብዛት ውኃ አይጨምርም። ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱ ሕፃናት በሁለት ስልክ ሲያዩ ዐሥሩ አለቀ። ስለዚህ ለየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ቅድሚያ እንዲሰጥ ልናዝዘው የምንችለው ራውተር ይሁን። ደግሞም የአሁኑ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ሞገድ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ዳሩ ግን የጎረቤት ራውተሮችም ስለሚጠቀሙበት ይጨናነቃል። የ5 ጊጋ ኸርትዙ ይፈጥናል፤ ነገር ግን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ሁለቱንም የያዘው ይሻለናል፤ ሳሎን ያለው በፈጣኑ፣ ጓዳ ያለው በሩቅ ደራሹ ይጠቀማል። የአንቴና ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ራውተሩ በብርቱ ድምፅ ቢጣራም፣ ስልካችን የሚመልሰው በራሱ ደካማ ድምፅ ነውና።»

እናትም ሁለት ነገር አከሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ፣ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ሊሠራ የሚችለው እንዲመረጥ አሳሰቡ። ሁለተኛ፣ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባለው የጥበቃ ስልት ያለው እንዲሆንና የይለፍ ቃሉ ለማንም እንዳይነገር አሳሰቡ።

የአክስት ልጅ በበኩሉ «እናቴ ቤት ማጂ መስመር ስላልገባ፣ ለእርሷ የሚያገለግላት ሲም ካርድ የሚቀበለው ነው» አለ። «ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም በአገራችን አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ ከመግዛት በፊት የማንኛው ኔትወርክ ከቤቷ እንደሚደርስ በስልክ መሞከር ያስፈልጋል። ተራራና ዝናብ ያራሰው ጫካ ሞገዱን ስለሚያዳክሙት፣ ራውተሩ ወደ ኔትወርክ ማማው በሚያይ መስኮት ዘንድ ይቀመጥ።»

አባት ገበያ ሄደው ዋጋው መካከለኛ የሆነውን፣ በሁለቱም ሞገዶች የሚሠራውን ገዙ። ከማታው 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ለትምህርት ቅድሚያ እንዲሰጥም ተደረገ። ታናናሾቹ ቪዲዮአቸውን ቀደም ብለው ማየት ግድ ሆነባቸውና ጥቂት አኰረፉ፤ የታላቂቱ ሁለተኛ ቀጠሮ ግን ሳይቋረጥ ተፈጸመ።

ለ. ሰዋስው፦ የማወዳደሪያ ቃላትና ሐረጎች

1. «ከ… ይልቅ» አንዱ ከሌላው መብለጡን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ ባለ ሁለት ሞገዱ ከባለ አንድ ሞገዱ ይልቅ ለብዙ ሰው ቤት ይስማማል።

2. «የ…ን ያህል» መተካከልን፣ ከአሉታ ግስ ጋር ሲሆን ደግሞ ማነስን ያመለክታል።
ምሳሌ፦ የ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ሞገድ የ5 ጊጋ ኸርትዝን ያህል አይፈጥንም።

3. «ቢ… ኖሮ» ያልተፈጸመ ሁኔታን ከውጤቱ ጋር ያያይዛል።
ምሳሌ፦ ራውተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ያን ያህል ባልተቆራረጠ ነበር።

ማስገንዘቢያ፦ «ይህ ራውተር የበለጠ ፈጣን ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጐደሎ ነው። ከምን እንደሚበልጥ አይናገርምና። በማስታወቂያ ላይ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ስታገኙ «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ድርሰትም የሚወዳደሩትን ሁለቱን ወገኖች ሳትጠቅሱ አትለፉ።

ሐ. የድርሰቱ አካሄድ

የማመዛዘን ድርሰት በአራት ደረጃ ይጻፋል። በመጀመሪያ ችግሩና ፍላጎቱ ይገለጻል። ቀጥሎ የችግሩ ምክንያት ይመረመራል። ከዚያ የእያንዳንዱ አማራጭ ጥቅምና ጉድለት በተራ ይቀርባል። በመጨረሻም ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም ከቀረቡት ምክንያቶች የመነጨ እንጂ ድንገት የመጣ መሆን የለበትም። በምንባቡ የአባት ፍርድ ከምርመራው ቀድሞ፣ የልጂቱ ግን ከምርመራው ተከትሎ እንደ መጣ ልብ በሉ።

መ. መልመጃ

1. የአክስት ልጅ በሁለት ቦታ ቆሞ ፍጥነቱን የለካው ስለ ምንድን ነው? ሁለቱም መለኪያ 2 ቢሆን ኖሮ ምን ብላችሁ ትፈርዱ ነበር?
2. «የቧንቧው ውኃ ቀጭን ከሆነ የእንስራው ብዛት ውኃ አይጨምርም» የሚለውን ንግግር በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
3. 8 ቢት አንድ ባይት ነው። በሰኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር 75 ሜጋ ባይት የሆነ መጽሐፍ ለማውረድ ቢያንስ ስንት ሰኮንድ ይፈጃል?
4. «ከሸፈ»፣ «ያከፋፍላል»፣ «ዋስትና» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ባላቸው ፍች መሠረት በየዐረፍተ ነገሩ አግቡ።
5. «ከ… ይልቅ»፣ «የ…ን ያህል» እና «ቢ… ኖሮ» የሚገኙባቸው ስድስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
6. ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ፣ ከላይ የተመለከቱትን አራት ደረጃዎች በመከተል የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።
   ሀ) ቡናን በአልጋ ላይ ማድረቅና በመሬት ላይ ማድረቅ
   ለ) ብቻን ማጥናትና ከጓደኛ ጋር ማጥናት
   ሐ) ለቤታችን የሚስማማው ራውተር የትኛው ነው?