የአምባዛ ዘር ከውኃ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ

በጌዴኦ በእንሰትና በቡናው መካከል የዓሣ ኩሬ ለሚቆፍር ገበሬ ምርጫው ቆሮሶ ወይም አምባዛ ነው። ቆሮሶ በኩሬው ውስጥ ራሱ ይራባል፤ እንዲያውም ችግሩ ከልክ በላይ መብዛቱ ነው። አምባዛ ግን በተፈጥሮው የሚራባው ዝናብ መጥቶ የሐይቅና የወንዝ ዳር ሣር በውኃ ሲሸፈን ስለሆነ፣ በኩሬ ውስጥ ዕንቁላል እምብዛም አይጥልም። ጫጩቱ በሰው እጅ መፈልፈል አለበት።

ሥራው ወጪ አለው። የእንስቷ ዕንቁላል ሆዷን በመጫን ይወጣል፤ ከወንዱ ግን በዚህ መንገድ ዘር ስለማይገኝ ታርዶ የዘር ፍሬው ይወሰዳል። ስሕተት ከተፈጸመ ለብዙ ወራት የተቀለበ ወንድና በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዕንቁላል በከንቱ ይቀራሉ። ለዚህ ኪሳራ አንዱ ምክንያት ያለጊዜው የገባ ውኃ ነው።

የወንዴው ዘር በዘር ፍሬው ውስጥ ሳለ አይንቀሳቀስም፤ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ጨዋማነት ጸጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጨው የሌለበት ውኃ ሲነካው ወዲያው ይነቃል፣ ጅራቱንም እያራገበ ይዋኛል። ለዚህ የሚያወጣው ኃይል አስቀድሞ በውስጡ የተከማቸው ነው። ስንቁ የሚያልቀው ከሚተካው በላይ በፍጥነት ሲሆን፣ ወደ ውስጡ የሚገባው ውኃም ጅራቱን ያሳብጠዋል። ስለዚህ አብዛኛው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። የቆመ ዘር ወደ ዕንቁላሉ አይደርስም። የዕንቁላሉ ቀዳዳም ውኃ ከነካው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል።

እንግዲህ ዘሩና ዕንቁላሉ መገናኘት ያለባቸው ውኃ ሳይነካቸው ነው። ቭራስኪ የተባለ ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1856 ይህንን የደረቅ ማዳቀል ዘዴ በትራውት ዓሣ ላይ አሳይቷል። እንስቷ ዕንቁላል የሚያበስለውን መርፌ ከተወጋች በኋላ፣ የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ፣ 11 ወይም 12 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ሳህኑ፣ የሠራተኛው እጅና የዓሣዋ ሆድ በንጹሕ ጨርቅ ይደረቁ። ሁሉም ስለ መርፌው ይጠይቃል፤ ስለ ጨርቁ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው! ዕንቁላሉ በሳህኑ ላይ ከወጣ በኋላ የዘር ፍሬው ተቆርጦ ይጨመቅበት፣ በንጹሕ የዶሮ ላባም ቀስ ተብሎ ይቀላቀል። ንጹሕ ውኃ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው፤ ሳህኑም ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወዝወዝ። ዘሩን አስቀድሞ በውኃ ማቅጠን ስንቁን በመንገድ ላይ መጨረስ ነው።

እንስቷ ከዘገየች ዘሩን ሳይነቃ ለማቆየት በ1 ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው ይሟሟ። ቀዝቃዛ ውኃ የዘሩን ጉዞ ቢያረዝምም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የዕንቁላሉንም ዕድገት ያዘገያል። ስለዚህ ከቡሌ ደጋ ይልቅ የዲላ ቆላማ አካባቢ ለሥራው ይሻላል።

የውኃው ምንጭ በቡና አጠባ ወራት በተለይ ይታሰብበት። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የሚወጣው ፍሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ ሲበሰብስም በወንዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ ከጣቢያው በታች ያለ ወንዝ ለማዳቀልም ሆነ ለማስፈልፈል አይሆንም፤ ከበላይ ያለ ምንጭ ይፈለግ። በ25 ዲግሪ ጫጩቱ የሚፈለፈለው ከአንድ ቀንና ሌሊት በኋላ ገደማ ስለሆነ፣ እስከዚያ ነጭ ሆኖ የታየ ዕንቁላል ሻጋታው ወደ ደኅናው ሳይዛመት ይለቀም።