ያልተያዘ ቀጠሮን እንደተያዘ አይጻፉ

አርሲ ውስጥ፣ ጢቾ ላይ የሚሠራ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ ላለው የፕሮጀክት ኃላፊ በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ሊጽፍ ነው እንበል። ማለት የፈለገው «ሐሙስ የገብስ ማሳዎቹን እንጎበኛለን» ነው። በአማርኛ ይህ አንድ ግሥ ይበቃዋል፤ የቀረውን ሰሚው ከሁኔታው ይረዳል። እንግሊዝኛው ግን ያስመርጠዋል። «ዊል ቪዚት» ካለ ሐሳቡ ገና አሁን የመጣለት ሊመስል ይችላል። «ዊ አር ጎይንግ ቱ ቪዚት» ካለ ቀድሞ የታሰበበት ነገር ነው፤ ገበሬዎቹ ግን ገና አልሰሙ ይሆናል። «ዊ አር ቪዚቲንግ ኦን ተርስደይ» ካለ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው። ገበሬዎቹ ያውቃሉ፣ መኪና ተይዟል፣ ሰዓት ተቆርጧል ማለት ነው። ኃላፊው ይህን የመጨረሻውን አምኖ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ሊነሳ ይችላል። ማሳው ጋ ደርሶ ማንንም ካላገኘ የሚወቅሰው የባለሙያውን ሰዋስው ሳይሆን ባለሙያውን ነው።

አርሲ ውስጥ እንግሊዝኛ የሥራ መሣሪያ ከሆነ ዘመን ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ሥራ የጀመረው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት የጥናት ጽሑፎቹን በእንግሊዝኛ ያሳትም ነበር። ዛሬም የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ጥናቶች፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ የብዙ እርዳታ ድርጅቶች ሪፖርትና የቅጥር ቃለ መጠይቅ በዚሁ ቋንቋ ነው። ቤቱ በኦሮምኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚግባባ የጢቾ ልጅ እንግሊዝኛ የሚያጋጥመው ገንዘብና ኃላፊነት ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስለ ነገ የሚናገርበትን መንገድ አጥርቶ ማወቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከውሳኔ እንጀምር። ስብሰባ ላይ «የማዳበሪያው ዝርዝር ማን ዘንድ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እዚያው ወስነው «እኔ አጣራለሁ» ለማለት የሚስማማው «አይል ቼክ» ነው። በንግግር «አይል» ብለው ያሳጥሩት። «አይ ዊል» ብለው «ዊል»ን ጠበቅ ካደረጉት ሰው የተከራከረዎት ወይም የተጠራጠረዎት ይመስላል። ለሰው እገዛ ሲያቀርቡ ደግሞ የእኛ «ላምጣልዎት?» «ሻል አይ ብሪንግ ኢት?» ነው። ይህ ያረጀ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚመስላቸው አሉ፤ በሥራ ቦታ ግን እስከ ዛሬ ጨዋ አነጋገር ነው።

ዕቅድ ላይ ሲደርሱ አማርኛው ራሱ ያግዝዎታል። «ልገዛ ነው» ስንል ሐሳቡ ቀድሞ ተይዟል፤ «ጎይንግ ቱ»ም እንደዚያው ነው። ይህ በቃለ መጠይቅ ላይ ጎልቶ ይታያል። «ራስዎን ለማሻሻል ምን አስበዋል?» ለሚል ጥያቄ «አይ ዊል ለርን ኮምፒዩተር» ብሎ የሚመልስ ሰው ሐሳቡ እዚያው ወንበሩ ላይ የመጣለት ይመስላል። «አይም ጎይንግ ቱ ቴክ ኤ ኮርስ» ያለው አስቦበታል። ተመዝግቦ ከሆነ «አይም ስታርቲንግ ኤ ኮርስ ኢን ጃንዋሪ» ይበል። ሳይመዘገብ ግን ይህን የመጨረሻውን አይበል፤ ቀጣዩ ጥያቄ «የት?» ነው የሚሆነው። አንዳንዶች «አይ ዊል ቱ ጎ» ወይም «አይ ዊል ጎይንግ» ይላሉ። ከ«ዊል» በኋላ ግሡ ብቻውን ይምጣ፤ «ጎይንግ ቱ» ደግሞ ያለ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «አር» አይቆምም።

በእኛ ደጋ ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ትንበያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቢጫ ዋግ በሽታ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ እንደመታ የአርሲ ገበሬ አይረሳውም። አሁን አንድ ባለሙያ ስንዴ ማሳ ገብቶ ቅጠል ገልብጦ አየ እንበል። በቅጠሉ ርዝመት የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት አለ፣ ጣቱንም አቀለመው፣ ሰማዩ ደመናማ ነው፣ አየሩም ቀዝቅዟል። ይህ ሰው የሚጽፈው «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ስፕሬድ» ብሎ ነው፤ ምልክቱን በዓይኑ አይቷልና። ምንም ሳያይ ካለፉት ዓመታት ልምዱ ተነስቶ የሚገምት ከሆነ «አይ ቲንክ ኢት ዊል ካም» ወይም «ኢት ዊል ፕሮባብሊ ካም» ይበል። ጥርጣሬው ከበዛ «ኢት ሜይ ካም» ይበቃዋል፤ የእኛ «ሊመጣ ይችላል» እንደማለት ነው። የኬሚካል ግዢ የሚወስነው ሰው እነዚህን ቃላት እያነጻጸረ ነው የሚፈርመው። ያዩትን እንደ ግምት፣ ግምትዎን እንዳዩት አድርገው አይጻፉለት።

የተማሩ ሰዎች ሪፖርት ውስጥ ሳይቀር የማይጠፋ ስህተትም አለ፤ «ዌን ሂ ዊል ካም» የሚለው። አማርኛው «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ነው። የወደፊቱን የተሸከመው «እነግረዋለሁ» ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። እንግሊዝኛውም እንዲሁ «ዌን ሂ ካምስ፣ አይል ቴል ሂም» ይላል። ጊዜን ወይም ቅድመ ሁኔታን የሚገልጸው ክፍል፣ ማለትም በእኛ «ሲ»፣ «ከ» ወይም «እስኪ» ያለበት ሐረግ፣ «ዊል» አይገባበትም።

ስልክ ላይ «መጣሁ!» ማለት ልማዳችን ነው፤ ገና ከቤት ሳንወጣም እንለዋለን። ይህን «አይ ኬም» ብሎ የተረጎመ ሰው ቀጣሪውን በር ላይ ያስጠብቀዋል። እንግሊዝኛው «አይም ካሚንግ» ነው፤ በእርግጥ ከተነሱ ደግሞ «አይም ኦን ማይ ዌይ»። ለአለቃ ወይም ለእንግዳ «ይመጣሉ?» ብለው ሲጠይቁም «ዊል ዩ ካም?» ልመና ሊመስል ይችላል። «ዊል ዩ ቢ ካሚንግ?» ሰውየውን ሳይጫን ዕቅዱን ብቻ ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አክብሮቱ በእንዲህ ዓይነቱ አነጋገር ነው የሚገለጸው።

ሰዓቱንም አይርሱ። ግሡ ትክክል ሆኖ «ዊ አር ሚቲንግ አት ስሪ» ብለው ከጻፉ፣ የውጭ ሰው የሚመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብለው በውጭው አቆጣጠር ይጻፉ፤ ቀኑንም ከነወሩ ያስገቡ።

ይህ ሁሉ ሲባል ልዩነቱ የብረት አጥር ነው ማለቴ አይደለም። በደብዳቤ፣ በማስታወቂያና በመደበኛ ሪፖርት «ዊል» ለዕቅድም ያገለግላል፤ «ዘ ኦፊስ ዊል ቢ ክሎዝድ ኦን መንደይ» ፍጹም ትክክል ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም በፈጣን ንግግር አንዱን በሌላው ይተኩታል። ጥንቃቄው የሚበረታው ሰው በቃልዎ ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ፣ መኪና ወይም ቀን ሲመድብ ነው።

«ሻል» ግን ውል ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ሕጎቻችንን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የምታወጣው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ግዴታን በእንግሊዝኛው ገጽ የምትገልጸው በዚሁ ቃል ነው። የገብስ አቅርቦት ውል ላይ «ዘ ሰፕላየር ሻል ዴሊቨር» የሚል ካዩ፣ ትንበያም ዕቅድም እንዳይመስልዎት፤ ማቅረብ ግዴታዎ ነው። ቀኑንና መጠኑን መወጣት እንደሚችሉ ሳያረጋግጡ አይፈርሙ።