ጓደኛዬ የላከልኝን ኮድ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት

ጥያቄ፦ አየር ጤና አካባቢ ለሚገኝ ፋርማሲ የሽያጭ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ኮድ ቸግሮኝ ጓደኛዬ አንድ ፋይል በቴሌግራም ላከልኝ። ጥሩ ስለሠራልኝ ሌሎችም ይጠቀሙበት ብዬ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። አሁን አንድ ሰው «የእኔ ነው፤ አውርጂው፣ ካሳም ትከፍያለሽ» እያለኝ ነው። መብት አለው? (ከኮልፌ ቀራንዮ)

መልስ፦ ኮዱን የጻፈው እሱ ከሆነ፣ አዎ፣ መብት አለው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ ያገኛል። ለዚህም መመዝገብ አያስፈልገውም። ፋይሉ ላይ ስለ ፈቃድ ምንም አለመጻፉም «ውሰዱት» ማለት አይደለም።

ስሌቱ ግን የማንም አይደለም። አዋጁ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ ባሕረ ሐሳብ የሁላችን ነው። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ቆጥረው የራስዎን ኮድ ቢጽፉ ማንም ሊከስዎት አይችልም። የሚጠበቀው የሰውየው አጻጻፍ ነው።

የላኩልኝን ሁለቱንም ፋይሎች ከፍቼ አየኋቸው። ጓደኛዎ የላከልዎት ላይ የመጀመሪያው መስመር የጸሐፊውን ስም ይዟል፤ ግሩፕ ላይ በለቀቁት ግን ያ መስመር የለም። እርስዎ ለማሳጠር ብለው ያጠፉት ይሆናል፤ በሕግ ዓይን ግን ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ ያለውን የሞራል መብት መንካት ነው። አዋጁ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ካሳ ደግሞ ከ100,000 ብር አያንስም።

«ጓደኛዬ ፈቅዶልኛል» ማለቱም አያዋጣም። ጓደኛዎ የራሱ ያልሆነውን ሊፈቅድ አይችልም። ራሱ የጻፈው ቢሆን እንኳ፣ በደመወዝ ተቀጥሮ የሠራው ከሆነና ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ብዙ ወጣቶች የመሥሪያ ቤታቸውን ኮድ እንደ ግል ማስታወሻ ደብተራቸው ሲያዋውሱት አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሥራቸውንም ሊያጡበት ይችላሉ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ፋይሉ መጨረሻ ላይ የአንድ ድርጅት የዳታቤዝ ፓስወርድ መኖሩ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን የይለፍ ቃል አሳልፎ መስጠትን ያስቀጣል። ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ያየው ሰው ገልብጦት ሊሆን ይችላል። ፓስወርዱን እንዲቀይሩ ለድርጅቱ ዛሬውኑ ይነገር።

ፈቃዱ አብሮት የተጻፈ ኮድ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፍበት ኪይማን በኤም.አይ.ቲ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ የባለቤትነት መግለጫውንና የፈቃዱን ጽሑፍ ሳይነኩ ማካፈል፣ መሸጥም ይቻላል። ጂ.ፒ.ኤል ከሆነ ደግሞ አሻሽለው ሲያሰራጩ የእርስዎንም ኮድ በዚያው ፈቃድ መስጠት አለብዎት። ፈቃድ የሌለው ኮድ ካጋጠመዎት ፋይሉን ትተው ባለቤቱ ያስቀመጠበትን ሊንክ ይላኩ።

አሁን ከግሩፑ ያውርዱት። የወንጀል ተጠያቂነት ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ነው፤ ከተነገርዎት በኋላ ከቆየ ግን «አላወቅሁም» ማለት ይከብድዎታል። ፋርማሲው ውስጥ ያለውንም ወይ በራስዎ ኮድ ይተኩ፣ ወይ ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ። ለሰውየው ማውረድዎን በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ስሙ በመጥፋቱ ይቅርታ ይጠይቁ፤ ኮዱን መጀመሪያ የጻፈበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃም እንዲልክልዎት ይጠይቁት። ያንን ሳያዩ ስለ ካሳ ምንም ወረቀት አይፈርሙ።