የሚጥል በሽታ ያለበትን ውሻ በአደራ ስለ መያዝ

ውሻን በአደራ መያዝ ማለት ከመንገድ የተነሣ፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ውሻ ቋሚ ጌታ እስኪያገኝ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ አስጠግቶ፤ አብልቶና አሳክሞ ማቆየት ነው። አማርኛችን «አደራ» የሚል ከባድ ቃል ስላለው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አንቸገርም። በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ያሰብነው ግን በአገራችን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ስለሚገደለው፤ የሚጥል በሽታ ስላለበት ውሻ ነው።

እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ቡቺ የተባለውን ውሻ ከሳሪስ መንገድ ዳር ያነሣው አንድ ወዳጃችን ለሦስት ወር በአደራ ሰጠን። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ውሻው ከተኛበት በድንገት ተገትሮ ወደቀ፤ እግሮቹ እንደሚዋኝ ሰው ይቀዝፉ ጀመር፤ አረፋ ደፈቀ፤ ሽንቱም አመለጠው። ዘበኛው «እናንተ ልጆች፤ ውሻው አብዷል!» ብለው ጮኹ። ንፋስ ስልክ ማለት በዱሮው አማርኛ ያለ ሽቦ የሚያነጋግር ራዲዮ ማለት ነው፤ የሰፈሩም ወሬ እንደ ስሙ ያለ ሽቦ ስለሚሮጥ፤ ሲነጋ መርዝ ይሰጠው የሚሉ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። «እብድ ውሻ» የሚለው ስም የሚደፍቀውንም፤ የሚንገዳገደውንም፤ ባዶ ቦታ የሚናከሰውንም ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። የሚጥለው ውሻ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲያርፍ ወይም ሲተኛ ነው፤ መንፈራገጡም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እንደማያይ ሆኖ ግድግዳ እየገፋ ይዞራል፤ ይርበዋል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን የትናንቱ ውሻ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ መለስ አይልም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ የማይናከሰው ዓይነት ነው፤ መንጋጋው ወርዶ ለሃጩ ሲዝረበረብ ያየ ሰው አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርቶበታል ብሎ እጁን ይሰድዳል። ይህን ማንም እንዳያደርግ አጥብቀን እንለምናለን።

ዘበኛው ግን አዝነውለት ኖሮ፤ በሁለተኛው መውደቅ ጊዜ ምላሱን እንዳይውጥ ብለው አፉን ሊይዙ ሞከሩና ጥርሱ ጣታቸውን በሳው። ውሻ ምላሱን አይውጥም፤ በዚያን ሰዓት የሚያደርገውንም አያውቅም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጠብንላቸው። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስንላቸው እምቢ አሉ፤ ዱሮ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው ክትባት ለብዙ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ ስለ ነበረ የፈሩት እርሱን ነው። ዛሬ ክንድ ላይ የሚወጋ ሌላ ክትባት መኖሩን አስረድተን በዚያው ቀን አስጀመርናቸው። ውሻው የሚጥል በሽታ ነው ያለው ብለን ማመናችን ለሰው ሕይወት መያዣ ሊሆን አይችልምና።

ታዲያ ውሻው ለምን አይገደልም? አከራያችንም የጠየቁን ይህንኑ ነበር። «ልጆቼ፤ እኔ የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉን። መልሱ ይህ ነው፤ በሕይወት ያለን ውሻ እብድ መሆን አለመሆኑን በርግጥ የሚለይ ምርመራ የለም። የሞተ እንደ ሆነ አንጎሉ ይመረመራል፤ በጉለሌ የሚገኘውና ሕዝቡ አሁንም «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ይሠራል። ተመርዞ ገደል የተጣለ ውሻ ግን ለማንም ምንም አይናገርም፤ የተነከሰውም ሰው ሳያውቅ ይቀራል። በለሃጩ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ምልክቱ ይታይበታል ወይም ይሞታል። ስለዚህ «እትዬ፤ ዐሥር ቀን ይስጡን» አልናቸው። ቡቺን በባዶው ማድ ቤት ዘግተን ምግቡን በእንጨት እየገፋን ሰጠነው። አከራያችን በየማለዳው በመስኮት እያዩ ይቈጥሩ ነበር። በ11ኛው ቀን በልቶ ጠግቦ ጅራቱን ሲቈላ በሩን የከፈቱት እርሳቸው ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ በእጅ ስልክ የቀረጽነውን አይቶ ፊኖባርቢታል አዘዘ። ይህ መድኃኒት ለሚጥል በሽታ መጥቀሙ የታወቀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. ሲሆን፤ በአገራችን ለሰው የሚታዘዘውም እርሱው ነው። መጠኑን በውሻው ክብደት የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። የአሳዳሪው ሥራ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ጧት በ1 ሰዓት፤ ማታም በ1 ሰዓት። ከላፍቶ ስድስት ኪሎ ለሚመላለስ ተማሪ ይህ ቀላል አይደለም፤ በፈተና ሰሞን ተራችንን በር ላይ ጽፈን ለጥፈን ነበር። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ከመጀመሪያው የባሰ መውደቅ ያመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሻው ይንገዳገዳል፤ ውኃም አብዝቶ ይጠጣል፤ ይህ አያስደንግጥ። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፤ ወይም በአንድ ቀን ደጋግሞ ከወደቀ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት።

ክኒኑን በተቀቀለ ድንች ሸፍነን እንሰጠዋለን። የወጥ ትራፊ አንሰጥም፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ከቄራ ጥሬ ሳንባና ጉበት ገዝቶ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ያልተቀቀለ እንደ ሆነ ትሉ በውሻው ሆድ አድጎ እንቊላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ዘበኛው ውሻው በወደቀ ጊዜ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቱት ፈልገው ነበር። እኛም በትምህርት ቤት የሚጥለው ጓደኛችን ሲወድቅ ያው ክብሪት ሲጫርለት፤ ልጆችም ይይዘናል ብለው ሲሸሹት አይተናል። የክብሪት ጢስ ለሰውም ለውሻም አይረዳም፤ የሚጥል በሽታም በለሃጭ አይተላለፍም። በዙሪያው ያለውን ድንጋይና ዕቃ ማራቅ፤ ሰዓት መያዝ፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃል።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ቡቺን የሚወስደው ሰው ከጀሞ መጣ። ከውሻው ጋር የክትባቱን ካርድ፤ የ20 ቀን ክኒን፤ የወደቀባቸውን ቀናትና ሰዓታት የጻፍንበትን ደብተር አስረከብነው። በመጨረሻው ወር የተጻፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ዘበኛው እስከ ታክሲው ድረስ ገመዱን ይዘው ሸኙት።