ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ
የቲም የሚያሳድጉ አያት ከጽኑ ሕመም ድነው ቤታቸው ሲገቡ «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ሆኖም ሰበቡን ማድረስ ገና ይቀረናል።
በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው በሕይወት ከወጡ 106,543 ሕሙማን መካከል 9 ከመቶ ያህሉ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ታከሙበት ሆስፒታል ተመልሰዋል። ይበልጥ የተጋለጡት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ የስኳር፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም ከኮቪድ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት ሆስፒታል ተኝተው የነበሩት ናቸው።
አሳዳጊው ዳግም ሲተኙ ሕፃኑም ዳግም ያለ ጠባቂ ይቀራል። ስለዚህ የቆየ ሕመማቸው መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ቀጠሯቸውም እንዳያልፍ እንከታተል። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም የደረት ሕመም ከተሰማቸው ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሳቸው።