ምዕራፍ 9፦ ስፖርትን መሸጥ የሚማሩት የት ነው?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአዊ ዞኗ እንጅባራ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። ፈረሰኛው ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዳንግላ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከጓንጓ ኮርቻውን ጭኖ፣ ፈረሱን በግላስ አስጊጦ ይመጣል። ሽምጥ ይጋለባል፣ ጉግስ ይገጠማል፣ ሕዝቡም ሜዳውን ከብቦ ይውላል። የበዓሉ ባለቤት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለማሰብ። አንጋፋው ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ እንኳን በዕድሜ የሚበልጠው በ4 ዓመት ነው። ደግሞም በአዊ ፈረስ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ጌጥ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ከኑሮ ጋር ይህን ያህል የተጣበቀ ስፖርት በቀላሉ አይገኝም።

አሁን አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አራት ነገር ጠየቃችሁ እንበል። ባለፈው ጥር 23 ስንት ሰው ሜዳው ላይ ዋለ? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከዞኑ ውጭ መጣ? ስንቱ ሆቴል አደረ? የድርጅታችን ስም ቢሰቀል የት ይሰቀላል፣ ማን ያየዋል? «ሕዝቡማ እንደ ጉድ ነው የሚመጣው» ብላችሁ ከመለሳችሁ ሥራ አስኪያጁ ሻይ ጋብዞ ይሸኛችኋል። ቁጥር ይዛችሁ ከቀረባችሁ ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋል። ሁለተኛውን መልስ መስጠት የሚያስችለው እውቀት በዩኒቨርሲቲ የሚጠና ሙያ ነው፤ ስፖርት ማርኬቲንግ ይባላል።

ሙያው ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ስፖርቱን ራሱን መሸጥ ነው፤ ትኬቱን፣ ማልያውን፣ የሥርጭት መብቱን፣ የውድድሩን ስም። ሁለተኛው ሌላ ዕቃን በስፖርቱ አማካይነት መሸጥ ነው። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ የሮጠችበትን ጫማ ይዛ ሳመችው፣ ለካሜራም ከፍ አድርጋ አሳየች። የአዲዳስ ጫማ ነበር፤ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም፣ የጥንዱ ዋጋ 500 ዶላር። ለገበያ የቀረበውም በዚያው ሰሞን ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። እኛ ክብረ ወሰኑን ስናይ የሙያው ሰዎች ጫማውን አዩ። ሁለቱንም አብሮ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ፣ አትሌቷ ውል በምትፈርምበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጥ ምን ያህል ይጠቅማት እንደነበር አስቡት።

ትምህርቱ ሥር የሰደደው አሜሪካ ውስጥ ነው። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 በስፖርት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1993 ዋርሶ የተባለውን የስፖርት ማርኬቲንግ ማዕከል በቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከፈተ። ኦሬገን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። የ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያው ዩጂን ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ነበር፤ ቡድናችን 4 ወርቅ፣ በድምሩ 10 ሜዳሊያ ይዞ ከዓለም 2ኛ ሆኖ ተመልሷል። የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ የነበረው ቢል ባወርማንና የቀድሞ ሯጩ ፊል ናይት ናቸው ናይኪን የመሠረቱት። ሜዳሊያውን እኛ አመጣን፤ ጫማውና ትምህርቱ እነሱ ዘንድ ቀረ።

ይህን የማነሳው ልባችሁ ኦሬገን እንዲሄድ አይደለም። ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል የዚያን አገር ክፍያ የሚችል ቤተሰብ በአዊም በአዲስ አበባም ጥቂት ነው። የዲግሪው ስም ያለበትን ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ዓመታት ከማባከን፣ ዲግሪውን ካለው ነገር ገጣጥሞ መሥራት ይሻላል። በአገራችን ለዚህ ሙያ የሚቀርቡት ሁለት የትምህርት ክፍሎች ስፖርት ሳይንስና ማርኬቲንግ ማኔጅመንት ናቸው። ስፖርት ሳይንስ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሥልጠና እንዴት እንደሚታቀድ ያስተምራል፤ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን ብዙም አይነግራችሁም። ማርኬቲንግ ዋጋውን ያስተምራችኋል፤ የሜዳውን ሕይወት ግን አያውቅም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ማርኬቲንጉን እመርጣለሁ። ሜዳውን በበጎ ፈቃድ ሥራ መማር ይቻላል፤ ስታቲስቲክስን፣ የሂሳብ አያያዝንና የውል ሕግን ግን ያለ አስተማሪ የሚዘልቃቸው ሰው ጥቂት ነው። ስፖርት ሳይንስ የደረሳችሁም አትደንግጡ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከሆነ የሌላውን ትምህርት ክፍል መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ማንበብ የሚከለክላችሁ የለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ራሱን የቻለ የስፖርት አካዳሚ አለው፤ ከእንጅባራ በዳንግላ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የምትፈተኑት በተመደባችሁበት ትምህርት ክፍል ነው። የጎን ንባቡ የዋናውን ሰዓት መብላት የለበትም።

ወደ ፈረሱ ሜዳ እንመለስ፤ ትምህርቱ የሚገባን እዚያ ነውና። መጀመሪያ ግን በሁለት ኦሎምፒኮች በኩል እንለፍ።

የ1976ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ከተማዋን 30 ዓመት የፈጀ ዕዳ ውስጥ ከትቷት ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ ያዘጋጀችው ኦሎምፒክ ግን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ ይዞ ወጣ። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ የአዘጋጅ ኮሚቴው መሪ ፒተር ዩበሮት የተከተለው ስልት ነው። ሞንትሪያል የስፖንሰሩን በር ለመጣው ሁሉ ከፍታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች ትንሽ ትንሽ ሰጥተው ነበር። ዩበሮት ቁጥራቸውን አሳንሶ ከየዘርፉ አንድ ብቻ ተቀበለ፤ አንድ ለስላሳ መጠጥ፣ አንድ የካሜራ ፊልም አምራች። ተቀናቃኙ እንደማይገባ የተረጋገጠለት ድርጅት ብዙ ይከፍላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህንኑ አሠራር ቋሚ አደረገው።

ይህ እንጅባራ ላይ ምን ይሆናል? በአገራችን የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይባዛል፤ ለባንኩም፣ ለዩኒየኑም፣ ለሆቴሉም፣ ለነጋዴውም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይበተናል። የሰጠ ሁሉ ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ባነሩ ከሌላው ባነር ጎን ይሰቀላል። ስድስት ባንክ ጎን ለጎን ከተሰቀለ ስድስቱም አይታዩም። የተማረ ሰው ደብዳቤውን በሐምሌ ይጀምራል፤ የሚጽፈውም የልመና ሳይሆን የሽያጭ ነው። «በባንክ ዘርፍ ከእርስዎ በቀር ማንም አይገባም፤ የፈረሰኛው ደረት ቁጥር፣ የሽልማት መድረኩ ጀርባና የመግቢያው በር የእርስዎ ነው፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ይላል። በቴሌኮም በኩል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ስለሚፎካከሩ፣ «አንዳችሁ ብቻ» የሚለው ቃል ዋጋ አውጥቷል። ፉክክር በሌለበት ዘመን ይህን ማለት አይቻልም ነበር።

ውሉ ላይ የማትዘልሉት አንቀጽ አለ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲገጥም ምን ይደረጋል? ወረርሽኝም የጸጥታ ችግርም በአንድ ቀን የሚከበርን በዓል ሊያስቀር እንደሚችል የአማራ ክልል ሰው አስረጂ አያስፈልገውም። የተከፈለው ይመለሳል? ለከርሞ ይሸጋገራል? ቀድሞ ያልተጻፈ ነገር ኋላ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

የማይሸጥ ነገርም አለ። የፈረሰኞቹ በዓል የአባቶች መታሰቢያ ነው፤ የቢራ ስም በፈረሱ ግንባር ላይ ከታሰረ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እነሱ ፊታቸውን ያዞሩበት በዓል ደግሞ ስፖንሰርም አያገኝም። ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ መወሰን የመጀመሪያው ሥራ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አይነግራችሁም፤ የአገው ምድር ልጅ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የቢራን ነገር ካነሳሁ ሕጉንም ልጨምር። ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ስፖርት ዋነኛ ከፋይ ጠማቂዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ቡና ከሀበሻ፣ ፋሲል ከነማ ከዳሽን፣ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ከዋሊያ ቢራ ጋር ተሳስረው አይተናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ብዙ ክለብ ኪሱን ዳበሰ። ቀጥሎ የመጣው የውርርድ ገንዘብ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ጣቢያው ሱፐርስፖርት ፕሪሚየር ሊጉን ማስተላለፍ ሲጀምር ሊጉ ቤትኪንግ የተባለ አቋማሪ ድርጅት ስም ይዞ ተጫወተ። በሕግ የተፈቀደ ነበር። ቢሆንም የታዳጊ ቡድን ማልያ ላይ የውርርድ ስም ከማየው ማልያው ባዶ ቢሆን እመርጣለሁ። በዚህ ሙያ የምትሰማሩ ሰዎች ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ዓመት ይገጥማችኋልና መልሳችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ።

ሥራው ታዲያ የት ነው? ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በድርጅት በጀት ነው። የ2016ን ዋንጫ ያነሳው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱን ኢትዮጵያ መድን ነው፤ አንዱ የባንክ፣ አንዱ የኢንሹራንስ ቡድን። በጀት የሚመደብለት ክለብ ሻጭ አይፈልግም፤ ስለዚህ «ማርኬቲንግ ኦፊሰር» የሚል ክፍት የሥራ ቦታ በየክለቡ በር ላይ ተለጥፎ አትጠብቁ። ሥራው ይበልጥ ያለው በሌላው ወገን ነው፤ ገንዘቡን በሚያወጡት ባንኮችና ቴሌኮሞች፣ በማስታወቂያ ድርጅቶች፣ በውድድር አዘጋጆች። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰው ሲጀመር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ ቲሸርቱ ራሱ መግቢያ ነው፤ ሰው ከፍሎ ይለብሰዋል፣ የስፖንሰሩን ስም ደረቱ ላይ አድርጎ 10 ኪሎ ሜትር ይዞርለታል፣ ቤቱም ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ይለብሰዋል። ከዚህ የተሻለ የስፖርት ማርኬቲንግ ትምህርት በአገራችን አላየሁም።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ባሕር ዳር ስታዲየምን ይመልከት። ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካን እዚያ አስተናገዱ። ከዚያ ሜዳው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መመዘኛ አላሟላም ተባለና ኅዳር 2 ቀን ጋናን «በሜዳቸው» የገጠሙት ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ። የሜዳ ዙሪያ ሰሌዳው፣ ትኬቱ፣ የሆቴል አልጋው፣ የባጃጁ ሒሳብ ሳይቀር አብሮ ሄደ። የመጸዳጃ ቤትና የመልበሻ ክፍል ደረጃ የማርኬቲንግ ጉዳይ መሆኑን የተረዳነው ያኔ ነው።

በሚመጣው ጥር 23 ዲግሪ ሳትጠብቁ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ሦስት አራት ሆናችሁ የሜዳውን ስፋት በሜትር ለኩ። ላላ ብሎ የቆመ ሕዝብ በ1 ካሬ ሜትር 1 ሰው ገደማ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ ከ2 በላይ ይሆናል። ሜዳውን ከፋፍላችሁ በየሰዓቱ አስሉ፤ በጋዜጠኝነት መምህሩ ኸርበርት ጃኮብስ ስም የሚታወቀው፣ ዓለም የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው። የሆቴሎችን እንግዳ መቀበያ «ትናንት ስንት አልጋ ተያዘ? ባለፈው ሳምንትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለ200 ሰው አጭር መጠይቅ አቅርቡ፤ ከየት መጣህ፣ ስንት ብር ይዘህ ስንት አወጣህ፣ የማን ማስታወቂያ ትዝ ይልሃል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትተዉ፤ ስፖንሰር ገንዘብ የሚከፍለው ለእሷ መልስ ነው። ውጤቱን በሦስት ገጽ ጻፉና አንዱን ቅጂ ለፈረሰኞች ማኅበሩ ስጡ፣ ሌላውን ለራሳችሁ አስቀሩ። ነገ ሥራ ስትጠይቁ ከዲግሪያችሁ በፊት ቀጣሪው ገልጦ የሚያነበው እነዚያን ሦስት ገጾች ነው።